በካሮልተን ፍርድ ቤት መስኮት ላይ የሚታየው ፊት የማን ነው?

አንድ አንባቢ ያቀረቡልን ጥያቄ በአጭሩ የሚከተለው ነው። ጠያቂያችን በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው። ከሚሲሲፒ ወደ አላባማ ተሻግረው ሲጓዙ ካሮልተን በምትባል ትንሽ ከተማ ለማረፍ ይቆማሉ። በከተማዋ መሀል ባለው አሮጌ ፍርድ ቤት፣ ከጣሪያው ሥር ባለች አንዲት መስኮት ላይ፣ የሰው ፊት የሚመስል ነገር ያያሉ፤ ጎብኚ እንዳይስታትም ወደ መስታወቷ የምታመለክት ቀስት ተደርጋለች። ከአካባቢው ሰው ሲጠይቁ ፊቱ ሄንሪ ዌልስ የተባለ ጥቁር ሰው እንደሆነ፣ በ1878 ሕዝብ ሊገድለው ግቢውን በከበበበት ሌሊት መብረቅ ወርዶ መልኩን በመስታወቱ ላይ እንዳተመው ይነገራቸዋል። «ነገሩ እውነት ነው? ሰውየውስ በእርግጥ የነበረ ሰው ነው? ለልጆቼ ባወራላቸው ዋሸሁ ወይስ ታሪክ ነገርኩ?» ሲሉ ጠይቀዋል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሄንሪ ዌልስ የነበረ ሰው ነው፤ በ1878 መጀመሪያ በጥይት ቆስሎ ሞቷል። በመስታወቱ ላይ ያለው ምስልም በዓይን የሚታይ ነገር ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው ታሪክ ግን ሊሆን አይችልም፤ ምክንያቱም ዌልስ በሞተ ጊዜ ያ መስኮት ገና አልተገጠመም ነበር። በዚያው ከተማ ሕዝብ ግር ብሎ እስረኛ አውጥቶ መግደሉ ደግሞ እውነት ነው፤ የተገደለው ግን ሌላ ሰው ነበር። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ከመብረቁ ይልቅ ትኩረት ይገባዋል ብዬ ስለማምን ምላሼ በዚያ ላይ ረዘም ይላል።

በመጀመሪያ ስለ ቦታው ጥቂት ልበል። ካሮልተን የፒከንስ ካውንቲ መቀመጫ ናት፤ ካውንቲ ማለት በግዛት ሥር ያለ የአስተዳደር ክልል ነው። ፒከንስ በአላባማ ምዕራባዊ ጠርዝ፣ ከሚሲሲፒ ጋር የሚዋሰን የገጠር ካውንቲ ነው። የተቋቋመው በ1820 ሲሆን ስያሜውን ያገኘው ከአሜሪካ የነፃነት ጦርነት ጄኔራል ከአንድሩ ፒከንስ ነው። በ2020 በተደረገው ቆጠራ የነዋሪው ቁጥር ወደ 19 ሺህ ገደማ ነበር። አካባቢው አስቀድሞ የቾክቶ ሕዝብ ምድር ነበር፤ ምድሩ በስምምነት ስም ከእነርሱ ከተወሰደ በኋላ ነጭ ባለርስቶች በቶምቢግቢ ወንዝ ዳርና በዙሪያው ባለው ለም መሬት ላይ በባሪያ ጉልበት ጥጥ ማምረት ጀመሩ። በሰሜንና በደቡብ ግዛቶች መካከል ከተካሄደው የእርስ በርስ ጦርነት (1861–1865) በፊት የጥጥ ምርቱ በወንዙ ወርዶ ሞቢል ወደብ ይደርስ ነበር። ከጦርነቱ በኋላም መሬቱ በአብዛኛው በቀድሞ ጌቶች እጅ ቀረ፤ ነፃ የወጡት ሰዎች እኩል አራሽ ሆነው፣ ዘርና ስንቅ በዱቤ እየወሰዱ፣ በመከር ጊዜ ዕዳቸውን በጥጥ የሚከፍሉ ሆኑ።

እንዲህ ባለ ካውንቲ ፍርድ ቤቱ ከችሎት አዳራሽነት በላይ የሆነ ቦታ አለው። የመሬት ባለቤትነት ሰነድ፣ የመያዣ ውል፣ የኑዛዜ መዝገብ፣ የጋብቻ ፈቃድ፣ የግብር ዝርዝር ሁሉ የሚቀመጠው በዚያ ነው። ፍርድ ቤት ሲቃጠል የአንድ ካውንቲ ሰው ሁሉ «ይህ መሬት የእኔ ነው» ብሎ የሚያሳየው ወረቀት አብሮ ይነዳል። ዛሬም የዘር ሐረግ የሚያጠኑ አሜሪካውያን መዝገባቸው የተቃጠለባቸውን ካውንቲዎች ለይተው የሚያውቁት ለዚህ ነው። ካሮልተን ይህ ዕጣ በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ደርሶባታል።

የመጀመሪያውን ፍርድ ቤት ያቃጠሉት በጄኔራል ጆን ክሮክስተን የሚመሩ የፌዴራሉ መንግሥት ፈረሰኞች ናቸው። እነዚሁ ወታደሮች በኤፕሪል 4 ቀን 1865 ታስካሉሳ ያለውን የአላባማ ዩኒቨርሲቲ አቃጥለው በማግስቱ የካሮልተንን ፍርድ ቤት አነደዱ። የደቡቡ ጦር አዛዥ ጄኔራል ሮበርት ሊ እጁን የሰጠው ከዚያ በአራተኛው ቀን ነው፤ የከተማው ሰው ቃጠሎውን ሳያስፈልግ እንደተፈጸመ በደል የቆጠረው ጦርነቱ ሊያበቃ ቀናት ሲቀሩት የደረሰ በመሆኑ ጭምር ይመስለኛል። ሁለተኛው ሕንፃ ጦርነት ባደኸየው ካውንቲ በስንት መከራ ተሠራ። እሱም በኖቬምበር 16 ቀን 1876 ሌሊት ተቃጠለ።

የሁለተኛው ቃጠሎ ዘመን የራሱ ቀለም አለው። ከጦርነቱ በኋላ በነበረው፣ የመልሶ ግንባታ ዘመን በሚባለው ጊዜ፣ በአላባማ ጥቁሮች ድምፅ ሰጥተዋል፣ በሕግ አውጪው ምክር ቤት ተቀምጠዋል። በ1874ቱ ምርጫ ግን የነጮች የበላይነት እንዲመለስ የሚፈልገው ወገን ሥልጣኑን መልሶ ያዘ። በ1877 ደግሞ የፌዴራሉ ወታደሮች በደቡብ ውስጥ የጥቁሮችን መብት ከማስከበር ሥራ ፈጽመው ተነሡ። ስለዚህ በ1876 መጨረሻ ፍርድ ቤት ሲቃጠል ጥርጣሬው ወዴት እንደሚያዘነብል፣ የተጠረጠረውንም ሰው ማንም እንደማያስጥለው አስቀድሞ የታወቀ ነበር።

በአፍ የሚተላለፈው ታሪክ ይህን ይመስላል። ሄንሪ ዌልስ ፍርድ ቤቱን አቃጥሏል ተብሎ በ1878 ተያዘ። ሸሪፉ፣ ማለትም የካውንቲው ፖሊስ አዛዥ፣ ሕዝቡ እንዳይገድለው ፈርቶ በአዲሱ ፍርድ ቤት ጣሪያ ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል ደበቀው። ወሬው ግን ወጣ፤ የታጠቁ ሰዎች ከሕንፃው ሥር ተሰበሰቡ። ዌልስ በመስኮቱ ቁልቁል እያያቸው ንጹሕ መሆኑን፣ ቢገድሉት ግን ዕድሜ ልካቸውን እንደማይለቃቸው ጮኾ ተናገረ። በዚያች ቅጽበት መብረቅ በአጠገቡ ወረደ፤ በፍርሃት የተኮማተረው ፊቱም በመስታወቱ ላይ ቀረ። የሞቱ ነገር እንደ ተራኪው ይለያያል፦ አንዱ ተሰቀለ ይላል፣ ሌላው በቁስል ሞተ ይላል። ከዚያ በኋላ መስታወቱን ቢያጥቡት አልለቅ እንዳለ፣ በረዶ የሕንፃውን መስኮቶች ሁሉ ሲሰባብር ያቺ አንዲት መስታወት ብቻ እንደተረፈች ይጨመርበታል። ታሪኩ በ1969 በታተመ የአላባማ መናፍስት ታሪኮች ስብስብ ውስጥ ከገባ በኋላ በመላው ግዛት ታወቀ፤ ልጆች በትምህርት ቤት የሚያነቡት፣ አውቶቡስ ተከራይተው ሊያዩት የሚመጡት ነገር ሆነ።

አሁን በዚያው ከተማ ይታተም የነበረው «ዌስት አላባሚያን» የተባለው ጋዜጣ በጊዜው ከጻፈው ጋር እናስተያየው። ፍርድ ቤቱ በኖቬምበር 1876 ተቃጠለ። በሴፕቴምበር 26 ቀን 1877 ማለትም ቃጠሎው በደረሰ በአሥር ወሩ፣ በነፍስ ግድያ ተከስሶ በካሮልተን እስር ቤት የነበረውን ናትናኤል ፒርስ የተባለ ጥቁር ሰው የታጠቁ ሰዎች እስር ቤቱን ጥሰው አወጡት፤ ከከተማው ውጭ ወስደውም ገደሉት። በጃንዋሪ 1878 ቢል በክሃልተር የተባለ ሰው በስርቆት ተያዘና ፍርድ ቤቱን ያቃጠለው የስርቆት ጓደኛው ሄንሪ ዌልስ እንደሆነ ተናገረ። ዌልስ ሊይዙት ሲመጡ ሸሸ፤ ሁለት ጥይት ተተኮሰበትና ቆሰለ፤ ቃጠሎውን አምኗል ተብሎም ተጻፈ። ከአምስት ቀን በኋላ በቁስሉ ሞተ። በዚያን ጊዜ ሦስተኛው ፍርድ ቤት፣ ማለትም ዛሬ የቆመው ሕንፃ፣ ገና በግንባታ ላይ ነበር። የዋናው ችሎት መስኮቶች የተገጠሙት በፌብሩዋሪ 20 ቀን 1878 ሲሆን የጣሪያ ሥር ክፍሏ መስኮቶች የተገጠሙት ከዚያ በኋላ ነው።

ሰነድ መመርመር ላልለመደ ሰው ይህን የመሰለ ማስረጃ ተራ ሊመስለው ይችላል፤ ለእኔ ግን የነገሩ ሁሉ መሠረት ነው። አፈ ታሪክን በሰነድ ለመመርመር የሚነሣ ሰው ብዙ ጊዜ በቀጥታ ወደ ተአምሩ ይሮጣል፣ መብረቅ ምስል ሊያትም ይችላል ወይስ አይችልም እያለ ይከራከራል። ከዚያ ይልቅ ማንም የማይጣላበትን፣ አናጢና ግንበኛ የሚያውቀውን ነገር አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል። መስኮቱ መቼ ተገጠመ? ማን ሠራው? ሂሳቡ መቼ ተከፈለ? ተራኪው ስለ መብረቁ ሊጨምርና ሊቀንስ ይችላል፤ የግንባታን ሂደት የዘገበው ሰው ግን መስኮቶቹ ስለተገጠሙበት ቀን የሚዋሽበት ምክንያት የለውም። ዌልስ በዚያ መስታወት በኩል ቁልቁል ሊያይ አይችልም፤ መስታወቱ በቦታው አልነበረምና።

ጋዜጣው የጻፈውን ሁሉ እንደ ወንጌል ልንቀበል ይገባል ማለቴ አይደለም። ዌልስ አመነ የተባለው ሁለት ጥይት ከመታው በኋላ፣ በያዙት ሰዎች እጅ ሳለ፣ በሞት አፋፍ ላይ ሆኖ ነው። የመሰከረበት ሰው ራሱ በስርቆት ተይዞ ጥፋቱን ወደ ሌላ ለመግፋት ምክንያት የነበረው ነው። ጉዳዩ ለችሎት አልቀረበም፤ ጠበቃ አልቆመለትም፤ የእርሱን ቃል ያለ ሌላ ሰው አንደበት የጻፈለት የለም። የዘገበው ጋዜጣም የነጮች ጋዜጣ ነበር። ስለዚህ ጋዜጣው ለቀንና ለቦታ ጥሩ ምስክር ነው፤ ለጥፋተኝነቱ ግን ደካማ ምስክር ነው። ዌልስ ፍርድ ቤቱን አቃጥሏል ብሎ በእርግጠኝነት የሚጽፍ ሰው ከማስረጃው አልፎ ሄዷል፤ ንጹሕ ነበር ብሎ የሚምልም እንዲሁ። በሕግ ፊት ሳይቀርብ ሞቷልና በሕግ ዓይን ያልተፈረደበት ሰው ነው፤ ልንለው የምንችለው ይህን ያህል ነው።

ወደ መስታወቱ እንመለስ። ምስሉ ያለው በመስኮቱ የታችኛው ቀኝ መስታወት ላይ ነው። ከውጭ፣ ከመንገዱ ላይ ሆነው ሲያዩት ዓይን፣ አፍንጫና የተከፈተ አፍ የሚመስል ደብዛዛ ነገር ይታያል፤ ከውስጥ ሲያዩት ግን እንደ ማንኛውም መስታወት ነው። የዚያ ዘመን የመስኮት መስታወት እንደ ዛሬው በማሽን የተስተካከለ አልነበረም። ሠራተኛው የቀለጠውን መስታወት በቧንቧ እየነፋ ረጅም ቱቦ ያወጣል፤ ቱቦው ጫፍና ጫፉ ተቆርጦ ከላይ እስከ ታች ይሰነጠቃል፤ ከዚያም እንደገና በምድጃ ውስጥ እንዲለሰልስ ይደረግና ይዘረጋል። በዚህ መንገድ የተሠራ መስታወት ላይ መወላገድ፣ የአየር አረፋና ሞገድ መሰል መስመር ይቀራል። ዓመታት ሲያልፉ ደግሞ ዝናብና እርጥበት ከመስታወቱ ገጽ ላይ ሶዳውን እያጠቡ ያወጡታል፤ ገጹ በቦታ በቦታ ይደበዝዛል፣ ወይም የዘይት ጠብታ ውሃ ላይ ሲያርፍ የሚያሳየው ዓይነት ቀለም ያወጣል። ብርሃን ከውጭ ሲያርፍበት የሚታየው፣ ከውስጥ ወደ ሰማይ ሲያዩ የሚጠፋውም ለዚህ ሊሆን እንደሚችል መገመት ያስኬዳል። የሰው አእምሮ ደግሞ በደመናም፣ በግንብ ላይ እርጥበትም፣ በዛፍ ቅርፊትም ፊት ፈልጎ የሚያገኝ ነው፤ ቀስት እያመለከተ «ይኸው ፊቱ» ሲሉት ደግሞ ማየቱ አይቀርም።

መብረቁ ከየት መጣ ለሚለው የዘመኑን መንፈስ ማወቅ ያሻል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰፊው ሕዝብ፣ አንዳንድ የተማሩ ሰዎችም ጭምር፣ መብረቅ በአጠገቡ ያለውን ነገር ምስል በሰው ቆዳ ወይም በመስታወት ላይ ያትማል ብለው ያምኑ ነበር። ይህ እምነት ያለ ምክንያት አልተነሣም። ፎቶግራፍ ገና አዲስ ጥበብ ነበር፤ ከ1850ዎቹ ጀምሮ የፎቶ አንሺዎች ዋና ሥራ ኬሚካል የተቀባን መስታወት ለብርሃን በማጋለጥ ምስል ማውጣት ነበር። መስታወት፣ ድንገተኛ ብርሃንና የሰው መልክ በሰው አእምሮ ውስጥ አንድ ላይ ተቆራኝተው ነበር። በ1870ዎቹ መጀመሪያም በአሜሪካ ብዙ ከተሞች የሞተ ሰው መልክ በቤት መስኮት ላይ ታየ የሚል ወሬ ጋዜጦችን ሞልቶ ነበር፤ የሥነ ቃል ተመራማሪዎችም ይህን መሰል ትረካ ከፎቶግራፍ ጥበብ መስፋፋት ጋር አያይዘው አጥንተውታል። የካሮልተኑ ታሪክ ከዚህ ቤተሰብ የሚወለድ ነው። ልዩ የሚያደርገው በአንድ የግለሰብ ቤት መስኮት ሳይሆን በመንግሥት ሕንፃ፣ ያውም ፍርድ በሚሰጥበት ቤት ላይ መውጣቱ ነው።

እስካሁን ያልኩት «ታሪኩ አልሆነም» ለማለት ይበቃል። እኔን ግን የሚያሳስበኝ ታሪኩ ምንን ከምን እንዳጋጠመ ነው። የታጠቀው ሕዝብ ከፒርስ ታሪክ ተወሰደ፤ ስሙና የቃጠሎው ክስ ከዌልስ ተወሰደ፤ ሁለቱም በአዲሱ ሕንፃ መስኮት ሥር ተገናኙ። ሦስቱ ነገሮች በአሥራ ስምንት ወር ውስጥ በአንዲት ትንሽ ከተማ ተከታትለው የሆኑ ናቸውና በሰው ትዝታ መቀላቀላቸው አይገርምም። የሚገርመው ሲቀላቀሉ የጠፋው ነው። እስር ቤት ተሰብሮ የተወሰደው ናትናኤል ፒርስ ስሙ ከትረካው ወጥቷል፤ እርሱን የገደሉት ሰዎችም አብረውት ወጥተዋል። በአፈ ታሪኩ ውስጥ ሕዝቡ ይሰበሰባል፣ ይጮኻል፣ ያስፈራራል፤ የታሪኩን ትልቅ ሥራ የሚሠራው ግን መብረቅ ነው። ገዳዩ ሰው ሲሆን ልጅ ሆኖ የሚሰማው ሁሉ «ማን ነበር? የማን አያት ነበር?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ሰማይ ሲሆን ግን የሚጠየቅ ሰው የለም። ተራኪዎቹ አስበው አደረጉት አልልም፤ አፈ ታሪክ በብዙ አፍ ሲያልፍ የሚጎረብጠውን ነገር እያለሰለሰ ይሄዳል።

በሌላ በኩል ደግሞ ታሪኩ አንድ እውነት ተሸክሞ ኖሯል፣ ይህንንም ላልፈው አልፈልግም። ነጮች በሚገዙት ካውንቲ፣ ስለ ደቦ ፍርድ በግልጽ መናገር በማይቻልበት ዘመን፣ አንድ ጥቁር ሰው «ንጹሕ ነኝ» እያለ ከፍርድ ቤቱ ጣሪያ ላይ ከተማውን ቁልቁል ያያል የሚል ትረካ ከትውልድ ወደ ትውልድ ተላልፏል። ይህን ከነጭም ከጥቁርም ተራኪ የሚሰማ ሰው አለ፤ ሁለቱ ግን አንድ ዓይነት ነገር አይሰሙበትም። ለአንዱ የሌሊት ማስፈራሪያ ተረት ነው፤ ለሌላው በመዝገብ ያልሰፈረ አቤቱታ ነው።

የካሮልተን የደቦ ፍርድ በፒርስ አላበቃምና ይህ አቤቱታ ከባዶ የተነሣ አይደለም። በሴፕቴምበር 1893 እሳት በመለኮስ የተጠረጠሩ ጥቁሮች ለችሎት ሳይቀርቡ በዚያው በካሮልተን ተገድለዋል፤ ከእነርሱም አንዷ ኤማ ፌር የምትባል ሴት ነበረች። ግድያውን በሚሲሲፒ የተወለደችው ጋዜጠኛ አይዳ ቢ. ዌልስ ከሁለት ዓመት በኋላ ባሳተመችው መዝገብ ውስጥ አስፍራዋለች። ልብ ይበሉ፣ እዚህም ክሱ እሳት ነው። ቃጠሎ በዚያ ዘመን ማን እንዳስነሣው ለማረጋገጥ እጅግ የሚያስቸግር፣ በማንም ላይ ለመለጠፍ ግን እጅግ የሚቀል ክስ ነበር።

የፍርድ ቤቱና የጥቁሮች ግንኙነትም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ተዘግቶ የቀረ ጉዳይ አይደለም። በ1979 ጁሊያ ዋይልደርና ማጊ ቦዝማን የተባሉ ሁለት የፒከንስ ካውንቲ ጥቁር ሴቶች፣ አረጋውያን መራጮች በሌሉበት ድምፅ የሚሰጡበትን ወረቀት እንዲሞሉ በመርዳታቸው በምርጫ ማጭበርበር ተከስሰው፣ ነጮች ብቻ በተቀመጡበት ጁሪ (ከተራ ዜጎች ተመርጦ የሚፈርድ ሸንጎ) ጥፋተኛ ተባሉ። በ1982 መጀመሪያ ወደ እስር ቤት ሲላኩ የመብት ታጋዮች ከካሮልተን እስከ የአላባማ ዋና ከተማ ሞንትጎመሪ በእግር ተጉዘው ተቃውሟቸውን አሰሙ፤ በ1984 የፌዴራል ዳኛ ፍርዱን ሻረው። የሄንሪ ዌልስን ታሪክ በካሮልተን ሲሰሙ፣ የሚነግርዎ ሰው በዕድሜ ከገፋ፣ ይህንም የሚያስታውስ ሰው መሆኑን ይወቁ።

ለልጆችዎ ምን ይንገሩ ላሉት የእኔ ምክር የሚከተለው ነው። የመብረቁን ታሪክ ይንገሯቸው፤ ውብ ትረካ ነው፣ ልጅም ይወደዋል። ሲነግሩ ግን እኛ ስናወራ «ይባላል» እንደምንለው «ይባላል» ብለው ይንገሩ። ከዚያ ቀጥለው የናትናኤል ፒርስን ስም ጠርተው በእርግጥ የሆነውን ይንገሯቸው፤ ይህኛው «ይባላል» አያስፈልገውም። ልጆቹ ከፍ ያሉ ከሆኑ፣ መስኮቱ የተገጠመበት ቀን እንዴት ታሪኩን እንደሚፈታው ራሳቸው እንዲደርሱበት ቀኖቹን በቅደም ተከተል ጽፈው ይስጧቸው።

ጉዳዩን ራስዎ ለመመርመር ከፈለጉ ደግሞ መንገድዎ በሞንትጎመሪ ሲያልፍ የአላባማ ግዛት ቤተ መዛግብት ይግቡ። በ1901 የተቋቋመና በአሜሪካ የመጀመሪያው የግዛት ቤተ መዛግብት ነው፤ የግዛቱን አሮጌ ጋዜጦች በማይክሮፊልም ያስነብባል። ሦስት ወቅቶችን ይጠይቁ፦ የኖቬምበርና የዲሴምበር 1876፣ የሴፕቴምበር መጨረሻና የኦክቶበር 1877፣ ከዚያም ከጃንዋሪ እስከ ማርች 1878። ስለ ሰዎቹ ሕይወት ለማወቅ የ1870ውን የሕዝብ ቆጠራ ይመልከቱ። ከዚያ በፊት በ1860 በተደረገው ቆጠራ ባሪያዎች ያለ ስም፣ በዕድሜ፣ በጾታና በቀለም፣ በጌታቸው ስም ሥር ተቆጥረው ነበር፤ ነፃ የወጡት ሰዎች በሙሉ ስማቸው የተጻፈው በ1870 ነው። እዚያው ሞንትጎመሪ በ2018 የተከፈተው የደቦ ፍርድ ሰለባዎች መታሰቢያ ከቤተ መዛግብቱ ሩቅ አይደለም፤ በየካውንቲው የተንጠለጠሉ የብረት ዓምዶች ስላሉት የፒከንስን ፈልገው የተቀረጹትን ስሞችና ቀኖች ከጋዜጣው ጋር ማመሳከር ይችላሉ።